ግግና ጸሐፊዎቹ፤ ስለ ሕፃናት የጥርስ ቡቃያ ማውጣት በተጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ትችት

፩

በአገራችን በብዙ ቦታ አንድ ሕፃን ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ትኩሳት፣ ተቅማጥና ትውከት ቢይዘው፣ ጡት አልጠባም ብሎ ቢነጫነጭ፣ ድዱም አበጥ ብሎ ቢታይ፣ ‹‹ግግ ነው›› ይባላል። ግግ የሚባለው የክራንቻው ጥርስ በሚበቅልበት ስፍራ ላይ፣ ከድዱ ጎላና ነጣ ብሎ የሚታየው እብጠት ነው። ከዚህ በኋላ በሥራው የታወቀ ሰው ይጠራና በጩቤ ጫፍ፣ በመርፌ፣ በምስማር ወይም በተሳለ ሽቦ ድዱን ሰንጥቆ በውስጡ ያለውን ነገር ፈልቅቆ ያወጣዋል። የወጣውም ነገር ነጭና ለስላሳ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ እንደ ትል ይቈጠራል። እናትም ‹‹ልጄን ሲበላው የነበረው ይህ ነው›› ብላ ታምናለች።

ስለዚሁ ልማድ ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ የጥርስ ሐኪሞች፣ የሕፃናት ሐኪሞች፣ የጤና ጥበቃ ሠራተኞችና ጥቂት የሕዝብ ባህል መርማሪዎች በየሙያቸው ጽፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።) የዚህ ትችት ዓላማ ጽሑፎቹን አንድ በአንድ መዘርዘር አይደለም። ጸሐፊዎቹ ያዩትን አመስግኖ፣ ሳያዩት የቀሩትን አመልክቶ፣ ከዚህም ጕድለት የተነሣ በሕፃናቱ ላይ የሚደርሰውን ጕዳት ማሳየት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል። ግግ ማውጣት ሕፃናትን ይጐዳል፤ አንዳንዶቹንም ይገድላል። የሚቀጥለው ትችት ልማዱን ለመከላከል የተጻፈ መስሎት የሚያነብ ሰው ቢኖር የጸሐፊውን አሳብ ስቶታል። ነገር ግን ጎጂ ነገር በደንብ ሳይመረመር በመወገዙ ብቻ እንደማይጠፋ ማሳየት የሕዝብን ባህል የሚያጠና ማኅበር ተገቢ ሥራ ነው።

፪

በመጀመሪያ የጥርስ ሐኪሞቹን ሥራ እንመልከት። ከጥንቶቹ ጽሑፎች መካከል የዴንማርኩ ሊቅ የፒንድቦርግ ጽሑፍ አለ። እርሱም በዩጋንዳ ያየውን በ1969 በአሜሪካ የሥነ አካል ሰብ መጽሔት ላይ አሳተመ። ከዚያ በኋላ በ1992 ራስሙሰንና ባልደረቦቹ ስለ ሱዳን፣ በዚያው ዓመት ሂዛና ኪክዊሉ በታንዛንያ ስላለ አንድ ሩቅ መንደር ጻፉ። በ1994 ደግሞ ሆላንና ማምበር ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች ላይ ያዩትን ገለጹ። እነዚህ ጸሐፊዎች የሚያስመሰግናቸው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በመንደር በስውር የሚደረገውን ነገር በአፍ ውስጥ በቀረው ምልክት አንብበው አውቀውታል።

ያነበቡትም የሚከተለው ነው። በስድስት ወር ሕፃን ድድ ውስጥ ያለው የክራንቻ ቡቃያ ገና ያልጠነከረ ነው። ጥርሱ ከድድ ብቅ የሚለው ከ16 እስከ 23 ወር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ወጋሹ የሚያወጣው ለስላሳ ነገር ትል ሳይሆን ጊዜው ያልደረሰ የወተት ጥርስ ነው። የድዱም ማበጥ በሽታ ሳይሆን የዕድገት ምልክት ነው። ከዚህ ይልቅ ከባዱ ነገር፣ በወተት ጥርሱ ቡቃያ ጀርባ የቋሚው ክራንቻ ቡቃያ ተጠግቶ መገኘቱ ነው። ቋሚው ክራንቻ መጠንከር የሚጀምረው ልጁ አራት ወይም አምስት ወር ሲሆነው ስለ ሆነ፣ የወጋሹ ስለት ሁለቱን ትውልድ ጥርስ ባንድ ጊዜ ሊያገኛቸው ይችላል። ከዓመታት በኋላ ቋሚው ጥርስ ልባሱ የጐደለ፣ ቅርጹ የተበላሸ ወይም ጠማማ ሆኖ ይወጣል፤ ወይም ጨርሶ ይቀራል። ጎረቤቶቹም ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፤ የላይና የታች መንጋጋ አገጣጠምም ይዛባል።

ይህ ሁሉ ቁስሉ በሰላም ለዳነለት ልጅ ነው። ያልዳነለት ልጅ ደም ፈስሶት ወይም ቁስሉ አመርቅዞ መርዙ በደሙ ተሠራጭቶ ይሞታል። ያልጸዳ ስለት የሚያመጣው ቴታኖስም አለ፤ ሕዝባችን ይህን በሽታ ‹‹መንጋጋ ቆልፍ›› ማለቱ ጠባዩን አይቶ ነው። አንድ ስለት ከልጅ ወደ ልጅ ሲዘዋወር ደግሞ በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ይዞ ይዞራል።

እንግዲህ ሐኪሞቹ ጕዳቱን በሚገባ አስረድተዋል። ጕድለታቸው የሚጀምረው ከጕዳቱ ወደ ምክንያቱ ሲሻገሩ ነው። ከእነዚህ ጽሑፎች በብዙዎቹ ውስጥ የጥርሱ ነገር በየመልኩ ሲዘረዘር፣ ድርጊቱ ለምን እንደሚደረግ የሚነገረው ግን በጥቂት መስመር ነው፤ ‹‹እናቶች ትኩሳትና ተቅማጥ ያቆማል ብለው ያምናሉ›› ተብሎ ይታለፋል። ማመናቸው እንጂ ያመኑበት መንገድ አልተመረመረም። አንድ ሰው የሚያምነውን ነገር ነግሮን ለምን እንዳመነው ካልነገረን ግማሹን ብቻ ነግሮናል።

፫

ፒንድቦርግ ለጽሑፉ በሰጠው አርእስት ድርጊቱን ‹‹ጥርስን ማጕደል›› በሚል ስም ጠርቶታል። ከእርሱም በኋላ የመጡት ይህንኑ ቃል አጽንተው፣ ዛሬ በዓለም የሕክምና ጽሑፍ ‹‹የሕፃናት አፍ ማጕደል›› የሚለው የተለመደ ስም ሆኗል። ቃሉ ለወቀሳ የሚመች ነው፤ ለመመደብ ግን አይመችም።

ምክንያቱም የሚከተለው ነው። በኦሞ ሸለቆ የሙርሲ ሴቶች በታችኛው ከንፈራቸው ገል ለማስገባት የታች የፊት ጥርሶቻቸውን ያስወጣሉ። ኑዌሮችም በልማዳቸው የታች የፊት ጥርሶቻቸውን ያስነቅላሉ። እነዚህ ሁለቱ የማንነትና የዕድሜ ምልክቶች ናቸው፤ የሚደረጉትም በጤነኛ ሰው ላይ ነው። ጥርሱ የጐደለበት አፍ ባለቤቱ ከማን ወገን እንደ ሆነ ይናገራል። ግግ ግን እንዲህ አይደለም። ግግ የወጣለት ልጅ የሚታወቅበት ምልክት የለውም፤ ወላጆቹም ምልክት እንዲኖረው አልፈለጉም። ልጁ ታመመ፤ መድኃኒት ተፈለገ፤ መድኃኒቱም ይህ ነው ተባለ። እንግዲህ ሙርሲን፣ ኑዌርንና ግግን በአንድ መዝገብ ‹‹አካል ማጕደል›› ብሎ የጻፈ ሰው በመልክ የሚመሳሰሉትን ሰብስቦ በአሳብ የሚለያዩትን አደባልቋል።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ጌጥን ወይም የወገን ምልክትን ለማስተው የሚያስፈልገው ንግግር ሌላ ነው፤ ሕክምናን ለማስተው የሚያስፈልገው ንግግር ሌላ ነው። ልጇን ለማዳን ሌሊት ተነሥታ የሄደችን እናት ‹‹ልጅሽን አጕድለሻል›› ብሎ የሚቀበላት የጤና ሠራተኛ፣ በዚያች ቅጽበት ሰሚነቷን አጥቷል። እርስዋ ራስዋን የምታውቀው አካል አጕዳይ ሆና አይደለም። በሽተኛ ይዛ የመጣች እናት ሆና ነው።

፬

ሁለተኛው በደንብ ሳይመረመር የሚነገር ቃል ‹‹ጥንታዊ ልማድ›› የሚለው ነው። በብዙ ጽሑፍ ውስጥ ግግ ማውጣትና ተመሳሳዮቹ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጡ የኖሩ ሆነው ይቀርባሉ። የታንዛንያው ነገር ግን ይህን አይደግፍም። በዚያ አገር ከ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ወዲህ ‹‹የናይሎን ጥርስ›› ወይም ‹‹የፕላስቲክ ጥርስ›› የሚባል የሕፃናት በሽታ ስሙ ገነነ። የበሽታው ስም ራሱ ዕድሜውን ይናገራል። ፕላስቲክን ያላወቀ ዘመን የፕላስቲክ ጥርስን ሊፈራ አይችልም።

በዚህ ጉዳይ ከተጻፉት ሁሉ ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ብራድ ዋይስ በሰሜን ምዕራብ ታንዛንያ ስለሚኖሩ የሃያ ሕዝቦች በ1992 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ዋይስ የፕላስቲክ ጥርስን ነገር ከምግብ፣ ከወላድነትና ከውጭ ከሚመጣው ሸቀጥ ጋር አያይዞ ይተረጕመዋል። በእርሱ አመለካከት ስለ ጥርስ የሚነገረው ነገር ሃያዎች የኑሯቸውን መለወጥ የሚናገሩበት ቋንቋ ነው። ጽሑፉ ሁለት ትልቅ ምስጋና ይገባዋል። አንደኛ፣ ልማድ የሚባለው ነገር በዓይናችን ፊት ሊወለድ እንደሚችል አሳይቷል። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ የሚሉትን እንደ ስሕተት ቈጥሮ ከመጣል ይልቅ ትርጕም ያለው ንግግር አድርጎ አዳምጧል።

ዳሩ ግን ትርጕሙ እየሰፋ ሲሄድ የታመመው ልጅ እያነሰ ይሄዳል። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ስለ ሸቀጥ የሚነገር ምሳሌ አይደለም፤ ውሃ ከሰውነቱ እያለቀ ያለ ሕፃን ነው። እናቱም በዚያች ሌሊት የምትጨነቀው ነገ ጠዋት በሕይወት ያድር እንደ ሆነ ነው እንጂ ስለ ዘመኑ መለወጥ አይደለም። የጥርስ ሐኪሞቹ ሰውየውን ትተው ጥርሱን እንደ ተመለከቱ፣ የባህል መርማሪውም ምሳሌውን ተመልክቶ ድዱን ትቷል ብንል ከእውነት አንርቅም። ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ግማሽ ይዘው አልተገናኙም።

፭

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። አስተዋይ የሆነች እናት ይህን ነገር እንዴት አመነችው?

የእናትን አሳብ በቅደም ተከተል ብናስቀምጠው እንዲህ ነው። ልጄ ታሟል። ድዱን ሳየው አብጧል። ድዱ ሲሰነጠቅ በውስጡ እንግዳ ነገር ተገኘ። ያ ነገር ከወጣ በኋላ በጥቂት ቀን ልጄ ተሻለው። እነዚህ አራት ነገሮች በአብዛኛው ጊዜ እውነት ናቸው፤ ስሕተቱ ያለው በመካከላቸው በተሠራው ድልድይ ላይ ነው። ስድስት ወር ላይ የክራንቻው ስፍራ በጤነኛም ልጅ ድድ ላይ ጎልቶ ይታያል። በዚያው ዕድሜ ሕፃኑ ከእናቱ የወረሰው የበሽታ መከላከያ ኀይል እየደከመ ይሄዳል፤ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ እየዳኸም ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ያገባል። ስለዚህ ተቅማጡና የድዱ ማበጥ ባንድ ወቅት ይመጣሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አላመጣውም። የሕፃናት ተቅማጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀን ራሱ ያቆማል። የዳነው ልጅ ለወጋሹ ምስክር ይሆናል። የሞተው ልጅ ‹‹ዘግይቶ ደረሰ›› ይባልለታል።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ጥቅም የሚመስለው ነገር በሦስት ቀን ይታያል፤ የቋሚው ጥርስ ጕዳት ግን የሚታየው ልጁ አሥር ዓመት አልፎት ክራንቻው ሊወጣ በሚገባው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ግግ የወጣበትን ቀን ከጠማማው ጥርስ ጋር የሚያያይዝ ማን ነው? ልማዱ ጥቅሙን ቅርብ፣ ጕዳቱን ሩቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ከዕለት ተዕለት ልምድ ብቻ ተነሥቶ ስሕተቱን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ይህ ድልድይ የመንደር እናት ብቻ የሠራችው አይደለም፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንትም ሠርተውታል። ግግን ‹‹የማይምነት ውጤት›› ብለው የሚያልፉት ጸሐፊዎች ይህን የሙያቸውን ታሪክ አላነበቡትም ለማለት ያስደፍራል።

በ16ኛው ምዕተ ዓመት የፈረንሳይ ነገሥታት ቀዶ ሐኪም የነበረው አምብሯዝ ፓሬ የኔቨር መስፍን ልጅ የሆነውን የስምንት ወር ሕፃን ሬሳ መረመረ። ከድዱ በታች ለመውጣት የተዘጋጁ ጥርሶች አገኘና፣ ድዱ ተሰንጥቆለት ቢሆን ኖሮ ልጁ ባልሞተ ነበር አለ። ከእርሱም በኋላ ድድን መሰንጠቅ በአውሮፓ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ በተማሩ ሐኪሞች እጅ የሚሠራ የታወቀ ሕክምና ሆኖ ኖረ። የእንግሊዝ የሞት መዝገብም ‹‹ጥርስ ማውጣት››ን ከሕፃናት መሞቻ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ይጽፍ ነበር። ስለቱ ሲቀር ዱቄቱ ቀጠለ፤ ጥርስ ለሚያወጡ ሕፃናት የሚሰጠው ዱቄት ሜርኩሪ ነበረበት። እጅና እግርን የሚያቀላውን ‹‹ሮዝ በሽታ›› ዋርካኒና ሐበርድ በ1948 ከሜርኩሪ ጋር አያያዙት፤ በብሪታንያም ሜርኩሪው ከዱቄቱ የወጣው በ1954 ነው። ያ ዱቄት ከባለመድኃኒት መደብር በግልጽ የሚገዛ ነበር።

ለአዋቂዎችም የተደረገው ከዚህ አይለይም። ብሪታንያዊው ሐኪም ዊልያም ሐንተር በ1910 በሞንትሪያል ባደረገው ንግግር በአፍ ውስጥ የተደበቀ ልክፈት የብዙ በሽታዎች ምንጭ ነው ብሎ አስተማረ። በኒው ጀርሲ የትረንተን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኀላፊ የነበረው ሄንሪ ኮተን ይህን ትምህርት ይዞ የሕሙማኑን ጥርስ አስነቀለ። በዚህ አልዳን ያለውን የቶንሲል እጢዎቹን፣ አልፎም አንጀቱን አስቈረጠ። ከመቶው 85ቱን አድናለሁ ይል ነበር። በ1920ዎቹ ዓመታት ሥራውን የመረመረችው ሐኪም ፊሊስ ግሪንኤከር ቍጥሩ እውነት እንዳልሆነ ብታገኝም የምርመራዋ ውጤት ሳይታተም ቀረ። ኮተን አታላይ ነበር እንዳንል የገዛ ልጆቹንም ጥርስ አስነቅሏል። እርሱም እንደ መንደሯ እናት በቅን ልቡ ያመነ ሰው ነበር። ልዩነቱ እርሱ ሆስፒታልና መጽሔት የነበረው መሆኑ ነው።

ስለ መንጋጋ ሕመም የተደረገው ምርምር ደግሞ ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ ይጠቅማል። በ1934 የሴንት ሉዊሱ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም ጄምስ ኮስተን፣ በ11 በሽተኞች ላይ ተመሥርቶ፣ የጆሮና የፊት ሕመም የጥርስ መጕደል የመንጋጋውን መጋጠሚያ ስለሚያዛባ የሚመጣ ነው አለ። በ1948 የአካል ክፍሎች ሊቅ የሆነው ዚኸር፣ ኮስተን ያለው ዓይነት የነርቭ መጫን በመጋጠሚያው አሠራር ሊሆን እንደማይችል አስረዳ። ቢሆንም የጥርስን አገጣጠም በመሞረድ የመንጋጋን ሕመም ማዳን ለብዙ ዘመን ቀጠለ፤ የሚያክሙትም ‹‹በሽተኞቻችን ይድናሉ›› ይሉ ነበር። መዳናቸው ሐሰት አልነበረም። በ1976 ጉድማን፣ ግሪንና ላስኪን የመንጋጋ ሕመም ላለባቸው 25 በሽተኞች ጥርሳቸውን የሞረዱ መስለው፣ ነገር ግን ምንም ሳይሞርዱ፣ የማስመሰል ሕክምና አደረጉላቸው። ከእነርሱም 64 ከመቶው ሕመማቸው ፈጽሞ ወይም ከሞላ ጐደል ጠፋ።

ይህ የጥናት ውጤት ከግግ ጋር በአንድ ገበታ ሊቀመጥ ይገባዋል። ከሕክምና በኋላ መሻል ሕክምናው እንዳሻለ ማስረጃ እንደማይሆን ከዚህ በላይ በግልጽ ያሳየ ጥናት በአፍ ሕክምና ውስጥ ጥቂት ነው። የተማሩት ሐኪሞች ይህን ለማወቅ ሆን ተብሎ የተሰናዳ ፈተና አስፈልጓቸዋል። እናትማ በገዛ ልጇ ላይ እንዲህ ያለ ፈተና ልታደርግ አትችልም፤ አድርጊ ማለትም ነውር ነው።

፮

ወደ አገራችን ጽሑፎች ስንመለስ ግግ የሚገኘው ዘወትር በዝርዝር ውስጥ ነው። በ1987 የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር የተባለው ብሔራዊ ኮሚቴ በ1997 ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ግግ ማውጣት ከእንጥል መቍረጥ፣ ከሴት ልጅ ግርዛት፣ ያለ ዕድሜ ከመዳርና ከጠለፋ ጋር ተዘርዝሮ ተቈጥሯል። ሥራው ትልቅ ነው፤ ድርጊቱ በአንድ ወገን ወይም በአንድ ሃይማኖት ሳይወሰን በአገሪቱ በስፋት የሚገኝ መሆኑን አስታውቋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን በሚመለከተው ክፍሉ እንጥል መቍረጥንና የወተት ጥርስን መፋቅን ከሚቀጡት ድርጊቶች ጋር አስገብቷቸዋል።

ነገር ግን ዝርዝር የራሱ ጠባይ አለው፤ የገባበትን ሁሉ ያስተካክላል። ጠለፋ በአንዲት ልጃገረድ ላይ የሚፈጸም የኀይል ሥራ ነው፤ ጥቅሙም ለጠላፊው ነው። ግግ ማውጣት ግን ለተጐጂው ጥቅም ተብሎ የሚደረግ ነው። ጠላፊውን የምትፈርድበት ሕግና ግግ ያስወጣችውን እናት የምትፈርድባት ሕግ በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ሁለተኛዋ ልጅዋ ደም ሲፈስሰው ወደ ጤና ጣቢያ ለመምጣት ትፈራለች። ሕጉ አይኑር ማለት አይደለም። በሌላ ሰው ልጅ አፍ ስለት የሚያስገባ ሰው ሊጠየቅ ይገባዋል። ከሕጉ ጋር አብሮ ሊሄድ የሚገባው ዕውቀት ግን ኋላ ቀርቷል ማለት ነው።

የዚህን ዕውቀት መጕደል የሚያጋልጠው ከእስራኤል የመጣው ማስረጃ ነው። በተለምዶ ግግ የሚኖረው ሐኪም በሌለበት፣ ትምህርት ባልደረሰበት ስፍራ ነው ይባላል። ዳሩ ግን በ2013 ዳቪዶቪችና ባልደረቦችዋ ባሳተሙት ጥናት ድርጊቱ ከኢትዮጵያ ከሄዱ ወላጆች እዚያው እስራኤል በተወለዱ ልጆች ላይም ተገኝቷል። በዚያ አገር ሐኪም አለ፤ ሆስፒታል አለ፤ ትምህርትም አለ። እንግዲህ የሐኪም መኖር ብቻውን ግግን ካላስቀረው ምክንያቱን በሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ይህ ነው። ሐኪሙ ለተቅማጡ መድኃኒት ይሰጣል፤ ስለ ድዱ ግን ምንም አይናገርም፤ ምክንያቱም ለእርሱ ድዱ ጤናማ ስለ ሆነ የሚነገር ነገር የለበትም። እናት ግን ስታየው የከረመችው ድዱን ነው። ጥያቄዋ ሳይመለስ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ያን ጥያቄ የሚመልስላት ሰው ደግሞ አለ፤ እርሱም ወጋሹ ነው። እርሱ ጣቱን በልጁ አፍ አስገብቶ ‹‹ይኸውልሽ›› ይላታል። በዚህ ክርክር የሚያሸንፈው ያዳመጠው ነው፤ የሚያሳዝነውም የተሳሳተው ወገን አድማጭ ሆኖ መገኘቱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግግ ከወጣላቸው አንዱ ነው። ከግራ በኩል የታች ክራንቻ የለኝም። ተማሪ ሳለሁ ይህን ለእናቴ ነግሬ፣ ስለ ጥርስ ቡቃያ ያነበብሁትን ሁሉ ዘርዝሬ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና ‹‹ልጄ፣ ከአንተ በፊት የነበረው ወንድምህ ግግ ሳይወጣለት ነው የሞተው›› አለችኝ። በዚያን ጊዜ የምመልስላት አልነበረኝም። የመለሰላትም ጽሑፍ እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም ጽሑፎቹ ሁሉ የሚናገሩት ስለ ጥርሴ ነው እንጂ ስለ ወንድሜ አይደለም።

፯

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ‹‹ሊቃውንት ስለ ትርጕምና ስለ አመዳደብ ሲከራከሩ ሕፃናቱ እየደሙ ነው፤ ይልቅ ማስተማር ይቅደም›› የሚል ሰው አይጠፋም። ተቃውሞው ክብደት አለው። መልሱም ማስተማር ራሱ ምን እንደሚባል ማወቅን ይጠይቃል የሚል ነው። ‹‹ግግ የሚባል ነገር የለም›› የሚለው ትምህርት እናትን ዓይንሽን አትመኚ ማለት ነው፤ እብጠቱን አይታዋለችና አትቀበለውም። ‹‹ያየሽው እብጠት እውነት ነው፤ የሚበቅል ጥርስ ነው፤ ተወው፤ ተቅማጡ ግን ከሌላ የመጣ ነውና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ አጠጪው፤ ጡትም አታቋርጪበት›› የሚለው ትምህርት ግን ዓይንዋን አክብሮ ድልድዩን ብቻ ያፈርሳል። በሁለቱ ንግግሮች መካከል ያለው ልዩነት የሚገኘው እናትን በማዳመጥ ነው፤ እርሱም የባህል መርማሪ ሥራ ነው።

ስለዚህ ወደፊት ስለ ግግ የሚጽፉ፣ በተለይም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች፣ የጐደሉ ጥርሶችን ከመቍጠር አልፈው የሚከተሉትን ቢመረምሩ ይጠቅማል። ሕፃኑ ከታመመበት ቀን አንሥቶ ግግ እስከ ወጣበት ቀን ድረስ ምን ምን ተሞከረ? ‹‹ግግ ነው›› ብሎ የመጀመሪያውን ቃል የተናገረው ማን ነው፤ አያት፣ ጎረቤት ወይስ ወጋሹ ራሱ? ጤና ጣቢያ ተሂዶ ከነበረስ በዚያ ምን ተባለ? ወጋሹ ሥራውን ከማን ተማረ፣ ምንስ ይከፈለዋል? ‹‹ይህ ግግ አይደለም›› ብሎ የመለሰበት ጊዜስ አለ? ግግ ሳይወጣላቸው የዳኑ ልጆች በመንደሩ ሲኖሩ ስለ እነርሱ ምን ይባላል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ የእምነቱ ደካማ ጎን የሚገኘው በዚያ ነውና።

በተጨማሪም መርማሪው ወጋሹን እንደ ጠላት ቈጥሮ እንዳይጀምር እመክራለሁ። ወጌሻው የተሰበረ አጥንት ሲያቀና እናመሰግነዋለን፤ መፋቂያም ጥርስን እንደሚጠቅም የዓለም ጤና ድርጅት ተቀብሎታል። የአገር ዕውቀት አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ በአንድ መንደር ውስጥ የሚጠቅመውና የሚገድለው ጐን ለጐን ይኖራሉ። ሁሉን በጅምላ የሚያወድስና ሁሉን በጅምላ የሚያወግዝ መርማሪ፣ ሁለቱም ከመለየት ድካም አምልጠዋል።

በጠቅላላው ሲታይ ስለ ግግ የተጻፉት ጽሑፎች ጕዳቱን በማስረዳት ብርቱዎች፣ ምክንያቱን በመመርመር ደካሞች ናቸው። ሐኪሞቹ ድዱን፣ የባህል መርማሪው ምሳሌውን፣ ሕግ አውጪው ጥፋቱን አይተዋል። የቀረችው እናት ናት። ሊቃውንቱ ፓሬም ኮተንም እንዴት እንደ ተሳሳቱ በትዕግሥት ተጽፎላቸዋል፤ የስሕተታቸውም መንገድ እንደ ትምህርት ተቈጥሯል። ለመንደሯም እናት ይኸው ትዕግሥት ቢሰጣት፣ ከእርስዋ በኋላ የሚመጡት ልጆች ጥርሳቸውንም ሕይወታቸውንም ይዘው ያድጋሉ።